የልብስ ሰፊዋ ልጅ

ሟቹ በማተሚያ ጠረጴዛውና በግድግዳው መሀል በደረቱ ተደፍቷል። ከራስ ቅሉ በስተኋላ የወረደው ደም አንገትጌውን አርሶ ደርቋል፤ ቀኝ እጁ ግን አሁንም አንድ እራፊ ጨርቅ እንደጨበጠ ነው። ኢንስፔክተሯ ከቁስሉ ይልቅ እራፊውን ነበር አጎንብሳ ለረጅም ጊዜ የተመለከተችው።

«ጨርቅ ነው» አላት ረዳቷ። «ሠዓሊ ቤት ደግሞ ጨርቅ ብርቅ አይደለም።»

«ቀስ በል።»

ይህች ቃል ከአፏ ስለማትለይ የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ከጀርባዋ «እመት ቀስበል» ይሏታል። ታውቃለች። አንድም ቀን ከፍቷት አያውቅም። በችኮላ የታሰረ ሰው በይቅርታ ሲፈታ ፊቱ ምን እንደሚመስል አይታለችና።

እራፊውን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ቲነር ይሸታል። ጫፉን በጥንቃቄ ስትገልጠው በጥቁር ቀለም እድፍ መሀል አንዲት ቀጭን ጭረት እንደ ዓሣ ቅርፊት አብለጨለጨች። ነጭ አይደለችም፣ ሮዝ አይደለችም፤ የሁለቱ ድቅል ናት።

ጠረጴዛው ላይ በእንጨት ክፈፍ እንደ ከበሮ የተወጠረ ስስ ጨርቅ ተቀምጧል። አታሚዎች ስክሪን ይሉታል። ሥዕሉ በዚህ ጨርቅ ላይ ክፍት ቦታ ሆኖ ይቀረጻል፣ የቀረው ይደፈናል፤ ቀለሙ በጎማ ሲገፋ በክፍቱ በኩል አልፎ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ሰውየው የወደቀው ይህንኑ ስክሪን እየጠረገ ሳለ ነበር። ክንዱ የተንሸራተተበት ምልክት ከክፈፉ ጠርዝ አንስቶ እስከ ወለሉ ድረስ ይታያል። የመታው ነገር የወረቀት መጫኛ ብረት ሲሆን፣ እጥበት ገንዳው ውስጥ በቲነር ታጥቦ ተገኝቷል። አሻራ የሚባል ነገር አልቀረበትም። በሩም አልተሰበረም።

«የሆነ ሰው ከኋላው መጥቶ መታው» አለ ረዳቷ።

«ጀርባውን ሲሰጠው ያልሰጋው ሰው ነው በለው» አለች ኢንስፔክተሯ።

ከተማው ሟቹን የሚያውቀው «ከሰል» በሚለው ቅጽል ነው። ገና ጢም ሳያበቅል በከሰል ቁራጭ የሰው አጥር ላይ ይሥል ነበር። የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች ነጭ ቀለም ሲቀቡበት ተመልሶ በነጩ ላይ ይሥላል፤ ነጭ ስለቀቡለት ምስጋና እየጻፈላቸው። ዛሬ ያው ማዘጋጃ ቤት የእሱን ሕትመት በመስታወት አስገብቶ ደረጃው ላይ ሰቅሏል። ያኔ ያሳደዱት ሰዎች እንግዳ ሲመጣባቸው በኩራት የሚያሳዩት እሱን ነው።

በክፍሉ ማዶ በተዘረጋው ሲባጎ ላይ አንድ የሙከራ ሕትመት በልብስ መቆንጠጫ ተንጠልጥሏል። ኢንስፔክተሯ ፊቱ ቆመች። መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ የወረደባት አንዲት ልብስ ሰፊ ትንሽ ልጇን በጭኖቿ መሀል አቁማ አፏን በመርፌ ትሰፋለች። ፊቷ ላይ ክፋት የለም። እንዲያውም ቁልፍ የምትተክል ነው የምትመስለው፤ ልጇን እንዳታሳምማት የተጨነቀች። ልጅቷ አታለቅስም፤ የሚያያትን ሰው ትኩር ብላ ታየዋለች። ሁሉም ነገር ጥቁር ነው፤ ክሩ ብቻ ቀይ። ከሥር፣ በአጥር ላይ ጽሑፍ ዓይነት በተቻኮለ እጅ፣ «እናት ታውቃለች» ይላል።

ሕትመቱ «የልብስ ሰፊዋ ልጅ» የሚባለው ነው። ገና ሳይታይ ከተማውን ለሁለት ከፍሎ ነበር። የመጥሪያው ካርድ ላይ የወጣው ከነጽሑፉ የሴትዮዋ ግማሽ ብቻ ቢሆንም፣ ግማሹ ሰው «እናትን አዋረደ» ብሎ ሲቆጣ ግማሹ «እናት ያላት መንግሥትን ነው» እያለ ይጠቃቀስ ነበር። ኤግዚቢሽኑ የሚከፈተው የዛን ዕለት ነው።

አስከሬኑን ያገኘው ሥዕሎቹን የሚያትምለት አታሚው ነበር። ደጃፉ ላይ በተገለበጠ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል፤ እንባውን በጠረገ ቁጥር ፊቱን ቀለም ይቀባል። የጎረቤቱ ጎማ ጠጋኝ ትናንት ከሰዓት ሁለቱ ሲጨቃጨቁ መስማቱን ለረዳቷ አስቀድሞ ነግሮታል።

«ተጣልታችኋል?» አለችው።

«ተጣልተናል። ስሜ የት አለ ብዬው ነው። ልጅ ሆነን እሱ አጥር ላይ ሲሥል መሰላሉን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ዘበኛ ሲመጣ እሱ ዘሎ ያመልጣል፣ እኔ ከነመሰላሉ እያዛለሁ። አሁንም ሥዕሉ የሱ፣ ጉልበቱ የኔ። ከሥር በትንሹ እንኳ ስሜን ቢጽፍ ምን አለበት?»

«ምን አለህ?»

«ሳቀ። 'መሰላል ስም የለውም' አለኝ።» ቀለም የነካ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «እሱ እኮ ሲቀልድ ሰው እንደሚደማ አይገባውም ነበር።»

«ስትወጣ ስክሪኑን እንዴት ትተኸው ነበር?»

«ፀሐይ ስትጠልቅ ነው የወጣሁት። ስክሪኑን አጥቤ፣ ከመስኮቱ ብርሃን ጋር አስተያይቼ አስቀመጥኩት። ዛሬ ጋለሪው ውስጥ በሰው ፊት ልናትም ነበር። ነጥብ እድፍ አልነበረውም።»

«ታዲያ ምን ነበር የሚጠርገው?»

አታሚው ከባልዲው ላይ ብድግ አለ። «እንጃ። የሚጠረግ ነገር አልነበረም።»

«ሳይፈለግ የተቀደደች ቀዳዳ ብትኖር በምን ትደፍኗታላችሁ?»

«መደርደሪያው ላይ ባለው ሙጫ። እንዲያው ለወጉ ጠየቁኝ እንጂ ስክሪኑ ጤነኛ ነበር። ክሩን ብቻ ነው የቀየርነው። 'ቀይ እናድርገው' ያለኝ ትናንት ከሰዓት ነው፤ በሌላ ስክሪን ደርበን አንድ ሙከራ አወረድን። ያው የተሰቀለው ነው።»

«ከሁለታችሁ ሌላ ያየው አለ?»

«ከየት መጥቶ?»

ረዳቷ ወደ መኪናው ሲሄዱ ጆሮዋ ሥር ገባ። «እንሰረው እንዴ? በገዛ አፉ ተናዘዘ እኮ።»

«የተናዘዘው ቅሬታውን ነው» አለችው። «ቀስ በል።»

ባለጋለሪዋ የተቀበለቻቸው በነጭ ግድግዳዎች መሀል ቆማ ሠራተኞችን እያዘዘች ነበር። ረጃጅም ጥፍሮቿ ከደም የጠቆረ ቀይ ተቀብተዋል። ዓይኖቿ አብጠዋል፤ ግን መብራት የሚያስተካክለውን ሰውዬ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» ማለቷን አላቆመችም።

«መክፈቻውን አልሰረዙትም?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ወደ ሳምንት አዛውሬዋለሁ። ልሰርዘው? ሰዉ የሚመጣው እኮ አሁን ነው።» ከዚያ የተናገረችው ለራሷም የከበዳት ይመስል ወንበር ሳበች። «ጨካኝ አድርገው አይዩኝ። አሥር ጊዜ ከእስር ቤት ያስፈታሁት እኔ ነኝ። ሥራው ከሱ በላይ ዕድሜ እንዲኖረው ነው የምፈልገው።»

«ሥዕሉ አላስደነገጠዎትም?»

«እኔን? እንዲያውም አንሶብኛል። የበለጠ ያምርር ብዬው ነበር። ካርዱ ላይ ሴትዮዋን ብቻ በጥቁርና ነጭ እናውጣ፣ ልጅቷን ደብቀን ለመክፈቻው እናቆያት ያልኩትም እኔ ነኝ።»

«ሕትመቱን አይተውታል?»

«በእርሳስ የተሠራውን ረቂቅ እንጂ ሕትመቱን አላየሁም። ጨርሶ ሳይሆን አያሳይም። ምነው፣ ረቂቁ ላይ የቀየረው ነገር አለ?»

ኢንስፔክተሯ ጥያቄውን እንዳልሰማች አለፈችው። «ልጅቷ ማን ናት?»

«ጠይቄው ነበር። 'የማንም ልጅ ናት' አለኝ። እሱ ደግሞ የማንም ነው ያለው ነገር ሁልጊዜ የሆነ ሰው ነው።»

ሲወጡ ረዳቷ ራሱን ነቀነቀ። «ይቺ ሴትዮ ሞቱንም ግድግዳ ላይ ትሰቅለዋለች።»

«ትሰቅለዋለች» አለች ኢንስፔክተሯ። «እንዲሰቀል የሚፈልግ ሰው ግን ስክሪኑን አይነካም።»

የሟቹ እናት ቤት ከጎረቤት በመጡ ወንበሮች ተሞልቷል። ጥግ ላይ የቆመው የስፌት መኪና ሌጣ ጨርቅ ለብሷል፤ ክር ከገባበት ብዙ ዘመን ያለፈው ይመስላል። አሮጊቷ ዓይናቸው ደክሟል፤ የሚያነጋግራቸውን ሰው የሚፈልጉት በጆሯቸው ነው። እጃቸው ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል።

«ትናንት ጠዋት ወርክሾፑ ሄደው ነበር አሉ፣ እማማ?»

«ሄጃለሁ። አንዲት የጎረቤት ልጅ ካርዱን አምጥታ 'እርስዎን ነው የሳለው' ብትለኝ ሰው ይዤ ሄድኩ። መነጽሬን፣ መኪናዬን፣ ያስተማርኩበትን መርፌ ለሰው መሳቂያ አደረግከው አልኩት።» እጃቸውን በእጃቸው ያዙት። «ረገምኩት። ይኸው ደረሰለት።»

«ልጅቷ ማን ናት?»

«የቷ ልጅ?»

«አፏ የተሰፋው።»

«ማንም አይደለችም» አሉ አሮጊቷ፤ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ የተዘጋጀ ነበር።

በዚህ መሀል የሟቹ ታላቅ እህት ውኃ ይዛ ገባች። በአንድ ትልቅ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ኀዘን ላይ ሆና እንኳ ብርጭቆውን የምታስቀምጠው ድምፅ ሳታሰማ ነው። ጥቁር ሻርፕ ከግንባሯ እስከ አገጯ ሥር ጥብቅ አድርጋ ተጠምጥማለች። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ፣ እናቷ ስፌት ላይ ሲውሉ ከሰልን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እስኪሞት ድረስ «እታለም» እያለ ነበር የሚጠራት።

«እዚያ ወርክሾፕ አዘውትረሽ ትሄጃለሽ?»

«ሄጄ አላውቅም። የቲነሩ ሽታ ራሴን ያመኛል። እሱ ነበር ወደኛ የሚመጣው።»

«በሥዕሉ አልከፋሽም?»

እህቲቱ እናቷን ቀና ብላ አየች። «ምን ያስከፋኛል? ሥዕል ነው። መርፌ፣ ቀይ ክር፣ የምትሰፋ ሴት። ሰው የፈለገውን ቢያነብበት የወንድሜ ጥፋት አይደለም።»

ኢንስፔክተሯ ውኃውን ጠጣች። ብርጭቆውን ስትመልስ የእህቲቱን ጣቶች አየች። ጥፍሮቿ እርቃናቸውን ናቸው፤ ከሥጋው ጋር የሚገናኙበት ጠርዝ ግን ተፍቆ ቀልቷል። ኀዘን የደረሰበት ሰው ጌጡን ማውለቁ ያለ ነው። ስላየችው ምንም ሳታነሳ አጽናንታቸው ወጣች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሆቴሉ ነዱ። እህቲቱ ትናንት የጠዋት ተረኛ እንደነበረችና ከሰዓት አስረክባ እንደወጣች ባልደረቦቿ ነገሯት። ሁሉም አንድ ዓይነት ኮት ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን አንድ ዓይነት አሲዘዋል። አንደኛዋ የክፍል ቁልፍ ለእንግዳ ስታቀብል ኢንስፔክተሯ ክንዷን ባንኮኒው ላይ ጥላ ቀረች።

«የጥፍርሽ ቀለም ያምራል።»

ልጅቷ ፈገግ አለች። «ሆቴሉ ነው የሚሰጠን። ሁላችንም ይሄንኑ ነው፤ ከቦርሳችን አይለይም። ተልጦ የተገኘ እንደሆነ ቁጣ አለው።»

ነጭም አይደለም፣ ሮዝም አይደለም። ኢንስፔክተሯ አመሰግናለሁ ብላ ወጣች። ረዳቷ ሞተሩን እንዳስነሳ ፊቷን አየና «እንሂድ ወይስ ቀስ ልበል?» አላት። ፊቷ የምትፈልገውን ያገኘች ሰው ፊት አልነበረም፤ ባላገኘሁት ያለች ሰው ፊት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አራቱንም ወርክሾፑ ጠራቻቸው። አታሚው መስኮቱን ተደግፎ ቆመ። ባለጋለሪዋ ብቸኛውን ንጹሕ ወንበር ያዘች። አሮጊቷ ልጃቸው በወደቀበት ወለል ላይ እንዳይረግጡ እየተጠነቀቁ፣ በሴት ልጃቸው ክንድ ተደግፈው ገቡ።

«ይሄ ሰው ሲሞት እየጠረገ ነበር» ብላ ጀመረች ኢንስፔክተሯ። «ከመጀመሪያዋ ደቂቃ አልለቀኝ ያለ ነገር እሱ ነው። አታሚው ንጹሕ አድርጎ ለሄደው ስክሪን እድፍ ከየት መጣለት? ሌላ ሰው ገባ ማለት ነው። ያ ሰው መጀመሪያ የነካው ሟቹን አይደለም፣ ሥዕሉን ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ቦታ ደፈነ። ሟቹ የተደፈነውን ሊያስለቅቅ እራፊውን ቲነር ነከረ፣ አጎነበሰ፣ ያኔ ተመታ።»

«በሙጫው ነው የደፈነው?» አለ አታሚው።

«ሙጫው እዚሁ አጠገቡ ነበር፤ መደርደሪያውን የሚያውቅ ሰው አነሳው ነበር። ይሄኛው ግን አያውቀውም። ቲነር የነካው እንደሆነ ወዲያው የሚለቅ ነገር ነው የቀባው። አንተ ብትሆን እንዲህ ያለ ስህተት አትሠራም። ደግሞ ያንተ ጠብ ስሜ ይጻፍ ነው፤ ከሥዕሉ የሚጠፋ ነገር አትፈልግም።» ወደ ረዳቷ ሳታይ ጨመረች። «ስለዚህ አላሰርኩህም።»

«ታዲያ በምን ደፈነው?» አለች ባለጋለሪዋ።

«በጥፍር ቀለም።»

የሁሉም ዓይን ወደ ባለጋለሪዋ እጆች ዞረ። እሷ ግን አልደበቀቻቸውም፤ ጣቶቿን ዘርግታ ጉልበቷ ላይ አኖረቻቸው። «የኔ ቀይ ነው። እራፊው ላይ ያገኛችሁት ቀይ ነው?»

«አይደለም። እርስዎ ደግሞ ሥዕሉ ይምረር እንጂ ይለስልስ ያሉ ሰው አይደሉም።»

በዚህ ጊዜ አሮጊቷ ከልጃቸው ክንድ ተላቀው አንድ እርምጃ ወደፊት መጡ።

«ልጄ፣ ሰው አታንገላቺ። እኔ ነኝ። ስላዋረደኝ መታሁት። ወስደሽ እሰሪኝ።»

«እማዬ» አለች እህቲቱ።

«አንቺ ዝም በይ።»

ኢንስፔክተሯ አሮጊቷን እጃቸውን ይዛ በእርጋታ ወደ ስክሪኑ አቀረበቻቸው። «እሺ፣ እማማ። እርስዎ ከሆኑ የደፈኑትን ቦታ ያሳዩኝ። ማየት ቢያቅትዎ እንኳ በቃል ይንገሩኝ።»

አሮጊቷ የሚንቀጠቀጥ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አንከራተቱ። ኋላ ትልቁ ፊት ላይ፣ መነጽር ያደረገው ላይ አሳረፉት። «ፊቴን። ፊቴን ነዋ የደፈንኩት።»

«እኔም እንደዚያ ነበር የጠበቅኩት» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። «የተዋረደው እርስዎ ቢሆኑ የሚደፈነው የእርስዎ ፊት ነው።»

ስክሪኑን አንስታ ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ገጥማ ያዘችው። ሥዕሉ በብርሃን መስመሮች ተነሣ፤ የልብስ ሰፊዋ ፊት፣ መርፌው፣ የልጅቷ ዓይኖች፣ አንድም ሳይጎድል። ከዚያ በሲባጎው ላይ የተንጠለጠለውን ሙከራ አወረደችና ጎን ለጎን አደረገቻቸው።

«የልጅቷን ጆሮ እዩ። ወረቀቱ ላይ የጆሮዋ ጫፍ ተሰንጥቋል፤ ጉትቻ ከሥጋው ጋር የተነጠቀ ዓይነት። ስክሪኑ ላይ ግን በዚያች ስንጥቅ በኩል ብርሃን የሚያልፈው እስከ ግማሽ ብቻ ነው። የተቀረው ተደፍኗል። ሟቹ ግማሹን አስለቅቆ ሌላው ሳይደርስለት ሞተ።»

አታሚው አንገቱን አስረዘመ። «እሷን ስንጥቅ ብቻ አደራ ብሎኝ ነበር። 'ሌላው ቢበላሽ ግድ የለኝም፣ እሷ እንዳትጠፋ' ብሎ።»

«ይሄ ሁሉ የሚያስቆጣ ነገር ባለበት ሥዕል ላይ አንዲት የጆሮ ስንጥቅ ብቻ የምታሳስበው ሰው አንድ ነው። የጆሮዋ ባለቤት።»

ኢንስፔክተሯ ወደ እህቲቱ ዞረች፤ ግን አልቀረበቻትም።

«ትናንት ወርክሾፑ ሄጄ አላውቅም አልሽኝ። ደግሞ ስለ ቀይ ክር ነገርሽኝ። ካርዱ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ረቂቁ በእርሳስ ነው። ክሩ ቀይ የሆነው እሱ በሞተበት ዕለት ከሰዓት ነው። ከሁለቱ ሰዎች በቀር ያየው አልነበረም፤ ለማንም አልተነገረም። እራፊው ላይ ያለው ቀለም ሆቴሉ ለሁላችሁም የሚሰጠው ነው። የሌሎቹ ጥፍር ላይ አለ፣ ያንቺ ግን ትናንት ሳየው ተፍቆ ነበር። ሻርፕሽን አውልቂ አልልሽም። የምትይው ካለ ብቻ ንገሪኝ።»

«ምንም የምትለው የላትም» አሉ አሮጊቷ። «ዝም በይ፣ ልጄ። ዝም በይ።»

«እስከ ስንት ዓመቴ ዝም ልበል፣ እማዬ?»

እህቲቱ ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነበር። ሻርፑን ራሷ ፈታችው። ፀጉሯን ከግራ ጆሮዋ ላይ ስትገልጠው ባለጋለሪዋ ፊቷን አዞረች።

«የተከራየንበት ቤት ባለቤት ነበር» አለች። «እማዬ ልብስ ልታደርስ ስትወጣ ጠብቆ ገባ። ጉትቻዬን ይዞ ጎተተኝ። እኔ አመለጥኩ፣ ጉትቻው እጁ ላይ ቀረ። ያን ቀን አመለጥኩ። ከዚያ በፊት ባሉት ቀኖች አላመለጥኩም። እማዬ ስትመለስ ጆሮዬን በሞቀ ውኃ አጥባ፣ በጨርቅ አሰረችልኝና 'የበሩ ሚስማር ነው በይ' አለችኝ።»

«የት እንገባ ነበር?» አሉ አሮጊቷ፤ ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም። «ሁለት ልጅ ይዤ የት እገባ ነበር?»

«ሰውየውስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ሞተ» አለች እህቲቱ። «አልጋው ላይ፣ ልጆቹ ከበውት። ከፈኑን የሰፋችለት እማዬ ናት።»

አታሚው ወለሉን አየ።

«ለወንድምሽ መቼ ነገርሽው?»

«አምና ታሞ ሳስታምመው። በሕይወቴ ለሌላ ሰው ተናግሬ አላውቅም። እጄን ይዞ አለቀሰ። ያ ለቅሶ ለኔ መስሎኝ ነበር።» ሻርፑን እጇ ላይ ጠመጠመች። «ካርዱን ሳይ ገባኝ። ከሥራ ወጥቼ መጣሁ፤ በዚያ በር ስገባ ልክ አታሚው ከሄደ በኋላ ነው። ሥዕሉ ተሰቅሎ አየሁት። እማዬን ይሣላት፣ እሷ የሠራችው ነው። እኔንም ይሣለኝ፤ ያቺን ትንሽ ልጅ ማን ያውቃታል? ጆሮዬን ግን አወቅኩት። እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ሰው ፊት የምቆም ነኝ። ነገ አንዱ እንግዳ ቁልፉን ሲቀበለኝ ፀጉሬን ነፋስ ቢገልጠው፣ ያቺ ናት ይላል።»

«እንዲያጠፋው ለመንሽው?»

«ለመንኩት። 'እታለም፣ እውነቷ እኮ እሷ ስንጥቅ ናት፤ እሷን ካወጣሁ ተረት ነው' አለኝ። ከቦርሳዬ የጥፍር ቀለሙን አወጣሁና በገዛ እጄ ደፈንኳት። ቆሞ ዝም ብሎ ያየኛል። የተስማማ መሰለኝ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ እራፊውን ቲነር ውስጥ ነከረው።»

«ምንም አላለሽም?»

«ጀርባውን ሰጥቶኝ 'ነገ ታመሰግኚኛለሽ' አለኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አልጠየቃትም። እሷም ብረቱን አንስታ ስለማጠቧ፣ በጀርባዋ ያዘለችውን ልጅ ወለል ላይ ትታው ስለመውጣቷ፣ ቤቷ ገብታ ጥፍሮቿን ቆዳዋ እስኪደማ ስለመፋቋ አልተናገረችም። ረዳቷ ካቴናውን አወጣና ኢንስፔክተሯን አያት፤ ራሷን ነቀነቀችለት። ካቴናውን መልሶ ኪሱ ከተተና እህቲቱን ክንዷን ይዟት ወጣ።

ባለጋለሪዋ ቦርሳዋን አነሳች። ደጃፉ ላይ ደርሳ ቆመች። «ስክሪኑ... ለማስረጃ ይወሰዳል መሰለኝ። ሲያበቃ ለማን ነው የሚመለሰው?»

«እኔ አላትመውም» አለ አታሚው። «ስሜን በወርቅ ቢጽፉት አላትመውም።»

«ሌላ አታሚ አይጠፋም» አለች ባለጋለሪዋ፤ በክፋት አልነበረም፣ እንደሚሆን የምታውቀውን ነገር ነው የተናገረችው። ጫማዋ እየተሰማ ራቀ። ትንሽ ቆይቶ አታሚውም ተከተለ።

አሮጊቷ ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ኢንስፔክተሯ ወንበሩን አቀረበችላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ይሄ ነገር ፍርድ ቤት ይነገራል፣ ልጄ?»

«ይነገራል፣ እማማ።»

«ጋዜጣውም ያወራዋል?»

«ያወራዋል።»

«ጆሮዋን ፎቶ ያነሱታል።»

አሮጊቷ በደከመ ዓይናቸው ወደ በሩ፣ ልጃቸው ወደ ወጣችበት ዞሩ። ሁለት ልጅ ይዘው የት እገባለሁ ብለው ፈርተው ነበር፤ አሁን ሁለቱም የሉም።

«ያኔ ለአንድ ሰው ብነግር ኖሮስ?» አሉ። «ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ እንዳንቺ ላለ ሰው። ለአንድ ሰው ብቻ። ይበቃ ነበር?»

ኢንስፔክተሯ በዚህ ሥራ ብዙ ኀዘንተኞች አይታለች። እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ብላ ትንሽ ውሸት የዋሸችላቸው አሉ፤ አሁንም ያቺ ውሸት ምላሷ ላይ መጣች። አሮጊቷ ግን ፊታቸውን ወደሷ መልሰው፣ መልሱን ሳይሰሙ እንደማይለቋት ሆነው ይጠብቁ ነበር።

«ይበቃ ነበር» አለቻቸው።

አሮጊቷ ራሳቸውን ዝቅ ከፍ አደረጉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉላት፣ ኢንስፔክተሯም ያዘቻቸው፤ በወለሉ ላይ ያለውን እድፍ እየዞሩ ቀስ ብለው ወጡ።